ከዋንዛው ሆድ የወጣው ድንጋይ

ድንጋዩን መጀመሪያ ያገኘው መጋዙ ነው።

እኔና ሞላ ግራና ቀኝ ሆነን አንድ የዋንዛ ግንድ ለሳንቃ እየሰነጠቅን ነበር። ሞላ የልጄ ባል ነው፤ ጉልበተኛ፣ ወሬ የሚወድ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ። መጋዙ የግንዱን ወገብ እንዳለፈ ከውስጥ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ወጣ። እጄ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ስበን ብናወጣው የመጋዙ ጥርስ ረግፏል።

«ሚስማር ነው» አለ ሞላ።

«ከተራራ በጎርፍ የመጣ ግንድ ምን ሚስማር ይኖረዋል?»

«እንግዲያው አጥንት ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ይህን የምጽፍላችሁ ደብሬ እባላለሁ። ቆቦ ዳር፣ የሆርማት ወንዝ በሚያልፍበት በኩል የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ባለቤቴ አናጢ ነበር። ሲያርፍ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ መላጊያውንና መሮውን ሽጪው አለኝ። ዕድሜ ልኩን የመጋዙን ሌላ ጫፍ ይዤለት የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ለምን ብዬ እሸጣለሁ? ይኸው የልጅ ልጅ አይቼም አልተውሁትም። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በላይ አልሄድሁም። ጠባዬን ደግሞ አገር ያውቀዋል። ወፍጮ ቤት ሰልፍ የሚጥስ ካየሁ፣ ሰልፉ የእኔ ባይሆንም እጣላለሁ።

ድሮ ነቀዝ የበላው እንጨት ለማገዶ ነበር የሚሄደው። አሁን ጊዜው ተገልብጦ የካፌ ባለቤቶች «እማማ፣ ቀዳዳው እንዲታይ አድርገው ይሥሩልኝ» ይሉኛል። ነቀዝ የደከመበትን እኔ ሠራሁት ብዬ መሸጡ ቢያሳፍረኝም እሠራለሁ። ያን ጊዜም ጎብዬ ላይ ሊከፈት የተሰናዳ አንድ ካፌ ጠረጴዛ አዞን ነበር። ሞላ ዋንዛውን ያገኘው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲቀር ነው። ግንዱ ግማሽ አካሉ ተቀብሮ፣ ነቀዝ ወንፊት አስመስሎት ተኝቷል። ማንም አልነካውም ነበርና በበሬ አስጎትቶ አመጣው።

ስለ ጎርፍ ግንድ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አገር ውሃ ያመጣውን ግንድ መጀመሪያ ያገኘ ሰው ድንጋይ ይጭንበታል። ድንጋይ የተጫነበት ግንድ ባለቤት አለው። ሰውየው በሬ ሊጠምድ፣ ሰው ሊጠራ ሄዶ ሳምንት ቢቆይ እንኳ የሚነካው የለም። ድንጋዩንም የሚያነሣው የጫነው ሰው ራሱ ነው።

ሞላ ግንዱን ሲያገኘው በላዩ ምንም አልነበረም። በዚህ አልዋሸኝም።

የቀረውን በሽብልቅ ፈልቅቀን ከፈትነው። መሀሉ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ክፍተት ነበረ፤ የደረቀ ደለል ሞልቶበታል። ደለሉን ብንፈነቅለው ክንድ የማይሞላ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። በቀሚሴ ጠረግሁት። አንድ ጎኑ ለስልሷል፤ በልስላሴው ላይ ደግሞ ጥቃቅን የውቅር ጠባሳ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ወፍጮ የወቀረች ሴት ይህን አትስተውም።

«ይኼ መጅ ነው» አልሁ። «የመጅ ስባሪ። ሴት የፈጨችበት ነው።»

«ጎርፉ ነዋ ያመጣው። ስንት ድስት፣ ስንት ጫማ አምጥቶ የለም እንዴ?»

«ድንጋይ ያለበት ግንድ ባለቤት አለው፣ ሞላ።»

«በላዩ ሲሆን ነው እንጂ እማማ! በሆዱ ሲሆን ማን ደነገገ?»

እኔን መርታት ደስ ይለዋል። ድንጋዩን አንሥቶ ወደ በለሱ አጥር ወረወረው፤ ማታውን ገበያ ውስጥ «የእማማ ዋንዛ ድንጋይ ወለደ» እያለ ሲያስቅ አመሸ አሉ። ለገበያ ከየገጠሩ የወረደው ሰው ሁሉ ወሬውን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ሳንቃዎቹን ዳሱ ጥላ ሥር አስተኝተን እንጨቱ ሲናገር ሰማሁ። ነቀዙ በሕይወት ነበር። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል፤ ያቆማል፤ ሰው የሚያዳምጥ ይመስል ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጀምራል። ቆቦ በቀትር ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ውሻ አይጮኽም፣ መንገድ ላይ ባጃጅ አይታይም፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይተነፍሳል። እናቶቻችን በዚያ ሰዓት ልጅ ወደ ወንዝ አያወጡም ነበር፤ ቀትር የራሱ ጋኔን አለው ይሉ ነበርና። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ቤቴ ገብቼ ጋደም አልሁ።

ስመለስ ድንጋዩ ሳንቃው ላይ ነበር። መሀሉ ላይ፣ ክፍተቱ ባለበት፣ ለስላሳ ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ።

«ሞላ!» ብዬ ጮኽሁ። «በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ላይ ነው የምትጫወተው?»

እያዛጋ መጣ። ድንጋዩን ሲያይ ማዛጋቱን ተወ። «ገብርኤልን እማማ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ እግር አወጣ?»

ፊቱ ጠቁሮ ድንጋዩን በጆንያ ጠቀለለ፤ እስከ ሆርማት ወስዶ አሸዋ ውስጥ ቀብሮት መጣ። «አሁን ይመለሳታ!» አለ፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

በቀጣዩ ቀን ሞላ ማጠፊያና ቫርኒሽ ሊገዛ ማልዶ ዋጃ ሄደ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ብልጠት መስሎኝ ቀትር ሳይደርስ በሳንቃዎቹ ዙሪያ ሰጋቱራ በወንፊት ነፋሁ፤ ጤፍ ዱቄት አስመስዬ አስተካከልሁት። የሚመጣው ሰው ከሆነ እግሩን ይተውልኛል ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞረም።

ጥላው ሲዞር ተመለስሁ። ሰጋቱራው እንደነፋሁት ነው። አንዲት እንሽላሊት ያለፈችበት ቀጭን መስመር ብቻ ይታያል። ድንጋዩ ሳንቃው ላይ ነበር። ዳሰስሁት፤ ከሥሩ እርጥብ የወንዝ አሸዋ እጄ ላይ ቀረ።

ድንግል ማርያምን ጠራሁ። የዳሱን ምሰሶ ያዝሁ። ልሩጥ አልሁ፤ ከዚያ ተናደድሁ። በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ!

«ማነህ?» አልሁ። «የምትፈልገውን ተናገር እንጂ ሰው አታስጨንቅ!»

ቅጭ፣ ቅጭ አለ ነቀዙ።

ሌላ መልስ እንደማላገኝ ሳውቅ መሮዬን አንሥቼ ተንበረከክሁ፤ ድንጋዩ የነበረበትን ክፍተት መፋቅ ጀመርሁ። ለምን እንደጀመርሁት አላውቅም። እጄ ሥራ ሲይዝ ፍርሃቴ ይቀንሳል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ደለሉ እየተፈረፈረ ሲወርድ መሮው ከዋንዛ የጠነከረ ነገር ነካ። በጣቴ ሳብሁት። ሽብልቅ ነበር። ከግራር የተጠረበ፣ ጫፉ የሾለ፣ የመጥረቢያው ምት ገና ያልደበዘዘ። በሌላው ጎንም ወንድሙ ተሰክቷል።

ያን ጊዜ ነው ሌላ ፍርሃት የያዘኝ። ድንጋዩን ጎርፍ አልጨመረውም። አንድ ሰው ይህን ግንድ አገኘ፤ ድንጋይ ጫነ፤ ሰማዩን አይቶ ዝናቡ ገና እንዳልጨረሰ ገባው። ውሃ ተመልሶ ግንዱን ቢወስደው እንኳ ምልክቱ እንዳይወድቅ ድንጋዩን በግንዱ ጎን በነበረው ክፍተት ከትቶ በሽብልቅ ወጠረው፤ አፉን ኋላ ደለል ደፈነው። ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው እንጨቱን ሊወስድ አልመጣም። ለምን አልመጣም?

ሞላ ሲመለስ ሽብልቆቹን አሳየሁት። ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጣቸው።

«እኔ እኮ አላየሁም እማማ» አለ በመጨረሻ።

«አላየህም። ግን የሰው ነው።»

«ጠረጴዛውስ?»

«ጠረጴዛው ይጠብቅ!»

በሚቀጥለው ቀን ወደ ቤት አልገባሁም። ዳሱ ዳር ካቆምኋቸው ሌሎች ነቀዝ የበላቸው ሳንቃዎች ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ሞላን ወደ ሚስቱ ላክሁት፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልበትምና። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ነቀዙ ይቆረጥማል። በሳንቃው ቀዳዳዎች በኩል ግቢው እንደ ወንፊት ተበጣጥሶ ይታየኛል።

የበለሱ አጥር ተንኮሻኮሸ። ቀዳዳዎቹ ጨለሙ፤ አንድ ነገር በፊቴ አለፈ። ከዚያ ሰጋቱራው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ ደግሞም ሰው በለሆሳስ ሲናገር።

«አለህ?» ይላል። «ዛሬም አላነሡህም?»

ብድግ አልሁ። ወጣት ሴት ናት፤ ከፀሐይ የተነሣ የጠቆረች፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሸዋ የለበሰ። እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋለች። ስታየኝ እሷም እንደኔ ደነገጠች፤ እጇን ግን አላነሣችም።

«ሌባ አይደለሁም እናቴ፤ ወላሂ ሌባ አይደለሁም።»

«ሌባማ ይወስዳል እንጂ መቼ ያመጣል? ነይ ጥላ ግቢ። ውሃ ጠጪ መጀመሪያ።»

ዘሃራ ትባላለች። ከሮቢት በላይ፣ ወንዙ ከተራራው በሚወርድበት በኩል ካለ መንደር ነው የመጣችው። ውሃውን ጠጥታ ሳትጨርስ ማውራት ጀመረች።

«በራችን ጆንያ ነው እናቴ። ባሌ እንድሪስ ሁልጊዜ በር እሠራልሻለሁ ይለኝ ነበር። ክረምት ላይ ጎርፉ ጋብ ሲል እንጨት ልፈልግ ብሎ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ይህን መጅ እኔ ነኝ የሰበርሁት፤ ስባሪውን ለመጥረቢያው መሳያ አድርጎት ነበር። በዚያው ቀረ። ሰማዩ ከላይ ጠቆረ፣ ውሃው መጣ፣ እሱ አልመጣም። ፈለግነው፤ ሬሳም አላገኘንም።»

«ያ ረቢ በይ ልጄ።»

«ታላቅ ወንድሙ ይመር ደግሞ አልሞተም ይላል። በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ አረብ አገር ሄዷል፣ ጎብዬ ላይ መኪና ሲሳፈር ያየው ሰው አለ ይላል። ጥሎሽ ሄዷልና ወደ አባትሽ ቤት ተመለሺ፣ ቤቱንና መሬቱን እኔ ልያዝ አለኝ። ነገ በሽማግሌ ሊያስወስንብኝ ነው። ባሏ የሞተባት አልሆንሁ፣ ባል ያላት አልሆንሁ። ገበያ ላይ ዋንዛ ድንጋይ ወለደ ሲሉ ሰማሁና ጠይቄ መጣሁ። አጥሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት።»

«ታዲያ የባልሽ ከሆነ ለምን አልወሰድሽውም? ለምን መልሰሽ ትጭኛለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ካነሣሁት ሞቷል ማለቴ አይደል? የሚያነሣው እሱ ነው።»

ክርክር የምወድ ሴት ይህን አልተከራከርሁም። «ትናንትስ እግርሽን ሳታሳርፊ እንዴት ገባሽ?» አልኋት።

«ትናንት አልመጣሁም።»

«ከሆርማት አሸዋ ቆፍረሽ አላመጣሽም?»

«የት ነው የተቀበረው? እኔ የመጣሁት የመጀመሪያው ቀንና ዛሬ ነው። ትናንት ይመር ዘመድ ሰብስቦ ቤት ነው የዋልሁት።»

ሁለታችንም ድንጋዩን አየነው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ሞላም ዋጃ ነበር። የማውቀውን ነው የምነግራችሁ፤ የማላውቀውን አልጨምርም።

«ሽማግሌዎቹ ነገ ወደ እኔ ቤት ይምጡ» አልኋት። «አንቺም የመጁን ሌላ ግማሽ ይዘሽ ነይ።»

መጡም። የመንደሯ ሼክ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ይመርም ሽርጡን አጥብቆ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ገና እንደገባ አንደኛው ሽማግሌ «እማማ፣ ይህ የወንዶች ነገር ነውና ለጥቂት ጊዜ...» ብሎ ጀመረ።

«ዳሱ የማን ነው?» አልሁት።

«የአንቱ።»

«እንግዲያው ለጥቂት ጊዜም አልወጣም።»

ሼኩ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ይመር ግን አልሳቀም።

«ድንጋይ ጎርፍ ያመጣዋል» አለ። «በአንድ ድንጋይ ወንድሜን ልትገድሉት ነው?»

ዘሃራ ከነጠላዋ ውስጥ የመጁን ግማሽ አወጣች። ሳንቃው ላይ ካለው ጋር አጋጠመችው። ስብራቱ ከስብራቱ ገጠመ፤ ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም።

«ድንጋዩ የቤታችን ይሁን» አለ ይመር። «ከእጁ ወድቆ ውሃው ወስዶት ግንዱ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ?»

ሽብልቆቹን ከኪሴ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኋቸው። «ጎርፍ ሽብልቅ ይጠርባል?»

ዓይኑን ሽብልቆቹ ላይ ተከለ።

«ይመር፣ ስማኝ። በዚያ ቀን አረብ አገር ሊሄድ የተነሣ ሰው ግንድ ምን ያደርግለታል? ውሃ እንዳይወስድበት ግራር ጠርቦ የሚወጥረው ለማን ነው? ተመልሶ ሊወስደው ነው። ይህች ሴት በር እንዲኖራት ነው።»

መሬት ለመንጠቅ የመጣ ሰው ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። እንደሚጮኽብኝ ጠብቄ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ዱላውን መሬት ላይ ጣለው፤ ከሳንቃው ጎን ተቀመጠና ሽብልቁን አንሥቶ አሸተተው።

«እንዲህ አድርጎ መጥረብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጎብዬ ላይ ያየው ሰው የለም። እኔ ነኝ ያልሁት። አረብ አገር ነው ስል... ዛሬ ነገ ስልክ ይደውላል እያልሁ ነው የምተኛው። እሷ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ ስትጠብቀው ሳይ መሞቱን የምትነግረኝ ይመስለኛል። አላስችል አለኝ።» ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ።

ሼኩ ወደ ዘሃራ ዞረ። «ልጄ፣ እሱ አይመጣም። የሱን ነገር የሚያነሣለት ካንቺ የቀረበ የለም። በይ ቢስሚላህ በይና አንሺው።»

ዘሃራ ተነሣች። እጇን ዘረጋች፤ መለሰች። ሞላ ከበሩ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ። የዳሱ ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ ይሰማል። ከዚያ በሁለት እጇ ድንጋዩን አቅፋ አነሣችው፤ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አስጠጋችውና እስከዚያች ቀን ያልጮኸችውን ጩኸት ጮኸች።

አንዳንድ ሰዎች በዚያች ቅጽበት ነቀዙ ዝም አለ ብለው ያወራሉ። ውሸት ነው። እኔ ነበርሁ፤ መቆርጠሙን አላቆመም።

ሬሳው በሌለበት የቀብር ሶላት ሰገዱለት። ዘሃራ በገዛ ቤቷ ዒዳዋን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆየውን ጊዜ፣ ተቀመጠች፤ ይመርም እስኪያልቅ ድረስ ማሽላዋን አጨደላት። እንጨቱ የሷ መሆኑን ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። እኔም ሞላ በቅንነት ጎትቶ አምጥቶ ደክሞበታልና አንድ ሳንቃ ለላቡ ይገባዋል ብዬ ተሟገትሁ፤ ሁሉም ፍትሕ ነው አሉ። ሞላ ግን ሳንቃውን ሊወስድ ሲል ቆመ። «በሩ ይጎድላል እማማ» ብሎ መለሰው። የጎብዬው ካፌ ጠረጴዛውን ከሌላ አሠራ።

በሩን እኔው ራሴ ሠራሁት። ነቀዙን በነጭ ጋዝ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰነበትሁት፤ ቀዳዳዎቹን ልድፈንልሽ ስላት ዘሃራ እምቢ አለች። ሁለቱን የግራር ሽብልቆች መቀርቀሪያው ላይ ገጠምኋቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ስለ ፍትሕ ስጣላ ፊት ለፊቴ በቆሙት ሰዎች መካከል ነበር የምዳኘው። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይጮኻል፣ እኔ የሁለቱንም ለይቼ እናገራለሁ። ለካ ክርክሩ ላይ የሌለ ሰውም አለ። አፍ የለው፣ ጠበቃ የለው፤ አንድ ድንጋይ ወጥሮ ሄዷል። እንደ ይመር ያለውም ሲጮኽ የሚከራከርበት ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ሳልሰማ ልፈርድበት ተዘጋጅቼ ነበር። አሁን የጎርፍ ግንድ ሲመጣልኝ መጋዝ ከማስነካቴ በፊት ክፍተቱን ሁሉ በመሮ እፍቃለሁ። ምንም ባላገኝም የራሴን ድንጋይ ጭኜበት ክረምት እስኪዞር አስተኛዋለሁ። ሞላ ይስቅብኛል፤ እኔ በሌለሁበት ግን እሱም ይጭናል።

ባለፈው ዘሃራን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ቀትር ነው፤ በሩን ዘግተን ተቀመጥን። በነቀዙ ቀዳዳዎች ብርሃን ገብቶ ወለሉ ላይ የተበተነ ማሽላ መስሏል። እያየሁት ሳለ ከላይ እስከ ታች አንድ ጎኑ ጠፋ፤ ሰው ደጅ ሲቆም እንደሚሆነው።

«ሰው መጣብሽ» አልሁና ልነሣ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ማንም አይደለም እናቴ። አንዳንድ ቀን በዚህ ሰዓት ይጨልማል። ስከፍተው የሚታይ ሰው የለም።»

«ታዲያ አትፈሪም?»

ተነሥታ መቀርቀሪያውን ሳበች፤ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተችው። የሆርማት ነጭ አሸዋ ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ደጁ ባዶ ነው።

«ለምን እፈራለሁ?» አለች። «እሠራልሻለሁ ያለኝን በር ሊያይ ነው።»